የማይገድል ጠመንጃ ፍለጋ

ዕድሜዬን ሙሉ የጨበጥኩት መሣሪያ ጠመኔ ነው። እሱንም ቢሆን የሚያንቀላፋ ተማሪ ላይ በወረወርኩ ቁጥር የምመታው አጠገቡ የተቀመጠውን ጎበዝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ደባርቅ ላይ ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። እንግዲህ ይህ ሰው ስለ ጠመንጃ አመራረጥ ላውራችሁ ሲል ብትስቁ አልቀየማችሁም። ሳቁ። ሚስቴም ስቃለች።

ነገሩ የመጣው በአማቴ በኩል ነው። አባባ ጫኔ ይባላሉ። ከዳባት ወጣ ብሎ ካለች አንዲት መንደር ይኖራሉ። ሰማንያውን ካለፉ ቆይተዋል። በደጉ ጊዜ ቆላ ወርደው ድኩላ የሚያድኑ፣ ስማቸው በየድግሱ የሚነሣ ሰው ነበሩ። ወንድ ልጅ የላቸውም። እግዜር አንዲት ሴት ልጅ ቢሰጣቸው እሷንም እኔ ወሰድኩባቸው። ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው አሉ። «ልጁ ምን ገድሏል?» ሽማግሌዎቹ ተያዩና «ዲፕሎማ አለው» ብለው መለሱ። አባባ ጫኔም አሰብ አድርገው «የዲፕሎማ ቀንዱ ስንት ክንድ ይሆናል?» አሏቸው።

ልጅቷን ሰጡኝ፤ ስሜን ግን አልጠሩልኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «አስተማሪው» ነኝ። አስተማሪው በላ? አስተማሪው ጃንጥላውን ረሳ፤ ሮጣችሁ አድርሱለት፤ ዝናብ ይፈራል። ስድብ ነው እንዳትሉ አስተማሪ መባል ክብር ነው። ክብር ነው እንዳትሉ እሳቸው ሲሉት መስማት ነበረባችሁ!

ዘንድሮ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ አባባ ጫኔ አልጋ ያዙ። እህል እምቢ አሉ። ዶሮ ቢሠራ እምቢ፣ ወተት ቢሞቅ እምቢ። ሐኪሙ አገላብጦ አያቸውና በሽታ አላገኘሁም፣ ዕድሜ ነው፣ ካልበሉ ግን አይቆዩም አለን። ሚስቴ የሺ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔም ደነገጥኩ። ሰውዬው ቢንቁኝም እወዳቸዋለሁ። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ አባባ ብዬ የጠራሁት ሰው እሳቸውን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ዓይናቸውን ገለጡና «የድኩላ ጥብስ ቢሆን እቀምስ ነበር» አሉ። ወደ ጣሪያው እያዩም «ግና ማን ያመጣዋል?» ብለው ጨመሩ። ቤቱ ውስጥ ያለሁት ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሳቸው የሚያዩት ግን ጣሪያውን ነው። ደሜ ፈላ። «እኔ አመጣለሁ!» አልኩ። የሺ ክው ብላ አየችኝ። እሳቸው ምን አሉ መሰላችሁ? «ጃንጥላህን እንዳትረሳ።»

ቃል ከአፍ ወጣ። ደግሞ ቀነ ገደብ አለው። በዓለ ሃምሳ ካለፈ የሰኔ ጾም ይገባል። አባባ ጫኔ ቆራቢ ናቸው፤ በጾም እንኳን ድኩላ ወተትም አይነኩም። ስለዚህ ከሃምሳው ቀን በቀሩት ሳምንታት ውስጥ ጠመንጃ መምረጥ፣ ድኩላ ማግኘት፣ መመለስ አለብኝ።

ደባርቅ ላይ የጤና ምክር ብትጠይቁ ሦስት ሰው ይመክራችኋል። የጠመንጃ ምክር ብትጠይቁ ከተማው በሙሉ ሥራ ይፈታል። የባጃጅ ሾፌሩ ከክላሽ ውጪ አትንካ አለኝ፤ ባጃጁን መንገድ መሐል አቁሞ ነው የሚያስረዳኝ። ጠጅ ቤት ያገኘኋቸው አዛውንት ደግሞ ክላሽ መሣሪያ አይደለም፣ ወሬኛ ነው፣ ምንሽር ያዝ፣ አንዴ ተናግሮ ዝም የሚል እሱ ነው አሉ። ፀጉር አስተካካዩ ጆሮዬ ሥር መቀሱን እያንቀጫቀጨ ስለ አፈሙዝ ርዝመት አንድ ሰዓት አስተማረኝ። ከሦስቱ ድኩላ ገድሎ የሚያውቅ አንድም የለም። እኔም ማስታወሻ እይዛለሁ፤ ያው ልማድ ነው። ሦስት ሳምንት እንደ ዋዛ አለቀ።

በዚህ መሐል የንስሐ አባታችንን መምሬ ኪዳኑን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምኩና ምንሽር ሊሻል ነው መሰለኝ አልኳቸው። እሳቸው ግን ጠመንጃውን ትተው «ለመሆኑ ማን ያርደዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥይቱ ነዋ አልኩ። መምሬ ቆም አሉ። ጥይት በስመ አብ ይላል ወይ? አሉኝ። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰህ በስመ አብ ብለህ በቢላ ካላረድከው በክት ነው፤ በክት ደግሞ ለውሻ እንጂ ለቆራቢ አይሰጥም አሉኝ።

ይታያችሁ! አገሩ ሁሉ የሚመክረኝ ስለሚገድል ጠመንጃ ነው። እኔ የምፈልገው ለካ የማይገድል ጠመንጃ ኖሯል! የሚጥል፣ ግን የማይገድል። ድኩላውን አረፍ አድርጎ እኔ እስክደርስ የሚያቆይልኝ ጨዋ ጠመንጃ። እስኪ እናንተ ብትሆኑ ይህን ለባለሱቅ እንዴት ብላችሁ ታስረዳላችሁ?

ሰደፍ ጠራቢው ሞላ ብቻ ገባው። የተሰበረ የጠመንጃ እንጨት የሚጠግን፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። አንድ አጠር ያለች አሮጌ ጠመንጃ ከጓዳ አወጣ። ከቃታዋ ዙሪያ እንደ ቀለበት ያለ ብረት አላት፤ ወደ ታች ሳብ፣ ወደ ላይ መለስ ስታደርጉት ቀጭ ቋ ብላ ትቀባበላለች። ጥይቷ የጠመንጃ ጥይት አይደለም። የሽጉጥ ነው፤ የስድስት ጎራሽ ሽጉጥ። ዱልዱም፣ አጭር፣ ባቄላ የምታህል። ከሩቅ ጉልበት የላትም፣ ሰባ እርምጃ ካለፈች ትደክማለች አለኝ። ላቅፈው ምንም አልቀረኝ።

ይባስ ብሎ አባባ ጫኔ የድሮ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አላቸው። የሺ ከትራሳቸው ሥር ካለው ጣሳ አንዲት ጥይት ይዛ መጣች፤ ልክክ! ሽጉጡም ጠመንጃዋም ከአንድ ጣሳ ይበላሉ ማለት ነው። ጣሳው ውስጥ ያሉት ጥይቶች ስድስት ናቸው። አባባ ጫኔ ሲሰሙ «በሽጉጥ ጥይት ድኩላ? ዝንብ ሊያባርርበት ነው?» አሉ አሉ። ጠጅ ቤቱም ስም አወጣላት፤ «የቡና ወፍጮ»። ይበሉ! ለሰሚው ግራ ነው።

ጠመንጃዋን ገዝቼ ወረቀቷን በስሜ አዛወርኩና ወደ አደን ፈቃድ ሄድኩ። የዋልያዎቹ ፓርክ ውስጥማ እንኳን መተኮስ ጮክ ብሎ ማስነጠስም ያስጠይቃል፤ እኔ የምፈልገው ከሊማሊሞ በታች ካለው ቆላ ነው። ጸሐፊው ፎርሙን ይሞላል። የሚታደነው? ድኩላ። ብዛት? አንድ። ምክንያት? አማት። ቀና ብሎ አየኝና ማኅተሙን አሳረፈበት። እሱም አማት ሳይኖረው አይቀርም።

የቀረኝ አብሮኝ የሚወጣ ሰው ነበር። አለባቸውን መረጥኩ። እኩያዬ ነው፤ ሳንቃ በር በሚባለው ቦታ የፓርክ ስካውት፣ ጠባቂ ማለት ነው፣ ሆኖ ኖሮ አብረን ነው ጡረታ የወጣነው። ገደል ማዶ ያለ ዋልያ ሲያላምጥ ጥርሱን ያያል ይባልለታል። ቀጥተኛነቱም ለጉድ ነው። የገዛ በጉ የጎረቤት ገብስ ቢገባ ራሱን ከሶ ሊቀመንበር ፊት የቆመ ሰው ነው። ከዚህ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል?

ለልምምድ ከከተማ ወጣ ብለን አንድ ጀሪካን በሠላሳ እርምጃ አቆምን። አራት ጥይት ተኮስኩ። ጀሪካኑ እስከ ዛሬ ውሃ ይቀዳበታል። አለባቸው ግድ የለህም፣ የምንፈልገው የማይገድል አይደል? ብሎ አጽናናኝ። ሁለት ጥይት ቀረን።

ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ማለት ነው፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ቆላው ውስጥ ነበርን። ቢላዬን ሌሊቱን ሙሉ ስስል አደርኩ። አለባቸው ክንዴን ያዝ አደረገና በአገጩ አመለከተኝ። እኔ ቁጥቋጦ ነው የሚታየኝ። ቆይቶ ቁጥቋጦው ቀንድ አወጣ። ድኩላ! ኮርማ ነው፤ ስልሳ እርምጃ ቢሆን ነው። የኋላ እግሩን አለምኩ። እግሩን ብቻ፣ ቁጭ እንዲልልኝ። ድንግል ማርያምን ጠራሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ሳብኩ።

ወደቀ!

ቢላዬን መዝዤ ሮጥኩ። ጸሎቱ ቀድሞኝ ይድረስ ብዬ ገና ከመነሻዬ በስመ አብ፣ በስመ አብ እያልኩ እጮሃለሁ። እሾህ ሱሪዬን ቀደደው፣ አንድ ጊዜም ተደፋሁ። ስደርስ ድኩላው ተዘርግቷል። ፀጥ ብሏል። እግሩ ደህና ነው። ጥይቷ የገባችው ልቡ ላይ ነው፤ በመርፌ የተወጋ እንጂ የተተኮሰ አይመስልም። አራት ጥይት ተኩሼ ጀሪካን የሳትኩ ሰውዬ፣ አይግደል ብዬ የመረጥኩትን መሣሪያ ይዤ፣ በአንዲት ጥይት ልብ መታሁ!

አለባቸው ደረሰና ጎንበስ ብሎ አየው። «ሞቷል» አለ። ጆሮው ተንቀሳቀሰ እኮ አልኩት። «ነፋስ ነው» አለ። እየው፣ አሁንም ተንቀሳቀሰ! «አሁንም ነፋስ ነው።» ደረቅ ሣር ቆርጦ አፍንጫው ላይ አደረገ። ሣሩ ንቅንቅ አላለም። ሰውነቱ ገና ትኩስ ነው፣ ነፍሱ አካባቢው ላይ አለች ብዬ ተከራከርኩ። «አካባቢው አይታረድም» አለኝ። ሰደብኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኩት። እሱ ድኩላውን እያየ ባርኔጣውን አወለቀ። የኔ ነገር ግን እንዲህ ነው፣ ከእሱ ጋር እጨቃጨቃለሁ እንጂ እውነቱን እኔም አይቼዋለሁ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልዋሻችሁ አልችልም፣ እንባዬ መጣ። ያ የአባባ ጫኔ የከሳ እጅ ታየኝ። ማን ያውቃል? ከአለባቸው በቀር ማንም አያውቅም። ቆርጬ፣ ጠብሼ፣ ታርዷል ብዬ ባጎርሳቸው ይበላሉ፣ ይድናሉ፣ ስሜንም ይጠሩልኛል። ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉትን ሰው፣ ለወዲያኛው ዓለም ስንቅ በሚያሰናዱበት ሰዓት በክት ላብላቸው? አልቻልኩም። ሥጋውን ለአሞራ ተውን። ቀንዱን ብቻ ይዤ ሊማሊሞን ወጣሁ።

የአባባ ጫኔ ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ምድጃው ተቀጣጥሏል፣ መጥበሻው ተጥዷል። ቀንዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ዳሰሱት። ቀጥለው ሥጋውስ? አሉ። አባባ፣ ሳልደርስበት ሞተብኝ፤ በክት አላበላዎትም ብዬ ተውኩት አልኳቸው። የሺ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔ መሬቱን ነው የማየው።

«በስንት ጥይት?» አሉ አባባ ጫኔ። በአንድ አልኩ። በዚያች ባቄላ? በእሷ። የት መታኸው? ልቡን። «አልመህ?» እዚህ ላይ እውነት በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል ብዬ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም።

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው ተነሥተው ተቀመጡ። ያ ስንት ሳምንት የተጋደመ ሰውዬ! «ምነው የሺ፣ ገዳይ እቤቴ ገብቶ ምድጃው ባዶ ይነዳል? በጉን እረዱ እንጂ!» ብለው ጮኹ። በጉ ታረደ። ጥብሱ ሲቀርብ አንድ ጎረሱ፣ ሁለት ጎረሱ፣ ከዚያ በኋላ አልቆጠርኩም። የሺ እያለቀሰች ትስቃለች። እኔ በርበሬው ነው እያልኩ ዓይኔን እጠርጋለሁ።

ጎረቤቱ ሲወጣ በጣታቸው ጠቀሱኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። አብሮህ የወጣው ማን ነው? አሉኝ። አለባቸው ነው፣ ስካውቱ፤ የድኩላው ጆሮ ሲንቀሳቀስ ነፋስ ነው ብሎ የተከራከረኝ እሱ ነው አልኳቸው። ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «በጠመንጃህ ምንም እንከን የለም። ይህን ሁሉ ሳምንት ጠመንጃ ከምትመርጥ ግን ሰው መምረጥ ነበረብህ። ለአደን ዓይኑ ደከም ያለ ሰው ነው ተይዞ የሚወጣ። የኔው ጓደኛ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የደብሩን በር እንኳ በእጁ ዳስሶ ነበር የሚያገኘው። ስንቱን ድኩላ አብረን በላን! ጆሮው ተንቀሳቀሰ ስለው አንድም ቀን ነፋስ ነው ብሎኝ አያውቅም።»