የማያስቸግሩ ልጆች ዝርዝር

እኛ ዘንድ ልጅ ሲመሰገን ምን ይባላል? «አለ አይባልም!» እንግዳ ሲመጣ ጥግ የሚይዝ፣ ሲጠሩት አንገቱን የሚደፋ፣ እየራበው «ጠግቤያለሁ» የሚል፣ የተባረከ ልጅ እሱ ነው። እናንተም እንዲህ ተብላችሁ ያደጋችሁ ትኖራላችሁ፤ ካልሆነም የጎረቤት ልጅ ሲባል ሰምታችሁ ቀንታችኋል። እኔ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሉማሜ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትምህርት ቤት ሃያ ምናምን ዓመት ሳስተምር፣ ዝምተኛ ልጅ የወደድኩትን ያህል የክረምት ዕረፍትን እንኳ አልወደድኩም።

ባለፈው ዓመት ሁለት ወጣቶች ለልምምድ ተላኩልን። ጌትነት መምህር ለመሆን፣ ሰናይት ደግሞ የትምህርት ቤት ነርስ ለመሆን የሚማሩ ናቸው። እስቲ ልፈትናቸው ብዬ፣ ጤነኛ ልጅ በምን ይታወቃል አልኳቸው። በሽታ የሌለበት፣ ንጹሕ፣ በደንብ የሚበላ ምናምን ይሉኛል ስል፣ ጌትነት ፈገግ አለና ጤነኛ ልጅ በማስቸገሩ ይታወቃል አለኝ። ሰናይት ሳቀች እንጂ አላረመችውም። የዛሬ ልጆች፣ አልኩ በሆዴ።

በሳምንቱ ሁለቱም መጥተው ከክፍሌ ጨርሶ የማያስቸግሩኝን ልጆች ስም እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ሽልማት መሰለኝ! ሌላ ምን ሊመስለኝ ኖሯል? አምስት ስም ጻፍኩ፤ ከሁሉ በላይ የይታይሽን። ይታይሽ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ናት፤ በዕረፍት ሰዓት እንኳ ግድግዳ ተደግፋ ፀሐይ ትሞቃለች እንጂ ከማንም ጋር አትጋፋም። በዚህም አላበቃሁ፤ አባቷ አቶ ይልቃል ልጃቸው ስትከበር እንዲያዩ አስጠራኋቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከተፍ አሉ።

ሰናይት ልጅቷን ወደ ብርሃን አዞረቻትና የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በጣቷ ዝቅ አደረገች። ቀይ መሆን የነበረበት ውስጡ ነጭ ነው። ዳገት ስትወጣ ልቧ ይመታ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ይታይሽ አንገቷን ደፍታ ደህና ነኝ አለች። ጌትነት ከማስታወሻው አየና፣ ሳምንቱን ሙሉ ስትሮጥ አላየኋትም አለ።

«ጋሼ፣» አለችኝ ሰናይት ቀስ ብላ፣ «ይህች ልጅ ዝም የምትለው ጨዋ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ደክሟት ነው። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ትሂድ።»

አቶ ይልቃል ተቆጡ። ልትሸልሙልኝ ጠርታችሁ ልጄን በሽተኛ ትሉብኛላችሁ ወይ አሉ። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሌሎቹን «እንደ ይታይሽ ሁኑ» ስል የከረምኩ ሰውዬ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁለቱ ወጣቶች ግን ከሰውየው ጋር እሰጥ አገባ አልገጠሙም፤ እስከ ጤና ጣቢያው አብረን እንሂድ ብለው ተከተሏቸው። ጤና ጣቢያ ሆዷ ውስጥ ትል፣ ደሟም በጣም አንሶ ተገኘ። ትንሽ ብትቆይ ለሕይወቷም ያሰጋ ነበር አሉ። ከቀሩት አራቱ ጨዋዎቼ ደግሞ አንዱ ጆሮው በደንብ አይሰማም ኖሯል። ሦስቱ እንኳ የእውነት ጨዋ ሆነው ትንሽ አተረፉኝ።

እንዴት አላደንቃቸው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሚረብሹትን ሳይ ኖርኩ፤ እነሱ በሳምንት ውስጥ የማይረብሹትን አዩ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ማባዛት ሳስተምር፣ ይታይሽ አጠገቧ ካለችው ልጅ ጋር ወሬ ጀመረች። ዝም በይ አልኳት። ደገመች። በሦስተኛው ከክፍል አስወጣኋት። በመስኮት ባይ፣ ተቀጥታ መቆም ሲገባት ግቢውን እየዞረች ትሮጣለች። ልቆጣት በሩን ከፈትኩና እዚያው በሩ ላይ ቀረሁ።

ማባዛቱን በማግስቱ ጨረስነው።