በሽምግልና ቀን ጢም ስለ መላጨት

ሰው አንገቱን ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ፣ ምላጭ ጉሮሮው ላይ ሲመላለስ ዐይኑን ጨፍኖ የሚያንቀላፋበት አንድ ቦታ ቢኖር ጸጉር ቤት ነው። የቤታችንን ቁልፍ ለጎረቤት ለመስጠት ስናመነታ የምናድር ሰዎች፣ ጉሮሯችንን ግን ስሙን እንኳ ላልጠየቅነው ሰው አስረክበን “ከጆሮዬ ሥር ሳብ አድርገው” እንላለን። ድፍረት ነው? ስንፍና ነው? እኔ እንጃ።

እኔም ፒያሳ ውስጥ እንዲህ ሳንቀላፋ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ሰፈሩ ሲፈርስ የለመድኩት ጸጉር ቤትም አብሮ ሄደ። በምትኩ የገባሁበት ቤት ደግሞ ሙዚቃው ጣራውን ሊያነሳው ይደርሳል። “ጠርዙን ብቻ!” ብዬ ስጮህ ሠራተኛው “ምን አልክ?” ይላል፤ ማሽኑ ግን መልሴን አይጠብቅም። ከዚያ ወዲያ ራሴን በራሴ ለማስተዳደር ወሰንኩ።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የላስቲክ መላጫና አንድ ጣሳ ውሃ ነበር። ግን እኔ መቼ ቀላል ነገር ወድጄ አውቃለሁ? ስልኬ ላይ አንድ ሽበታም ሰውዬ እንደ ጥንቱ በሳሙናና በብሩሽ ሲላጭ አየሁ። ጢሙን የሚላጭ ሳይሆን ቅዳሴ የሚመራ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ፊቱን በሞቀ ፎጣ ይሸፍናል። ብሩሹን ነክሮ ሳሙናው ላይ ያዞረዋል፣ ያዞረዋል፣ አረፋው ኩፍ ብሎ እስኪነሳ ያዞረዋል። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ አትጫኑ፣ መላጫው በራሱ ክብደት ይሂድ፣ ጢሙ ወደተኛበት አቅጣጫ ብቻ ሳቡ ይላል። ሕይወት እንዲህ ቀላል መሆኑን ሳላውቅ መኖሬ አናደደኝ። በማግስቱ ፒያሳ ከተረፉት አሮጌ ሱቆች አንዱ ገብቼ፣ ምላጭ እየተቀየረ የሚገባበት የብረት መላጫ፣ ብሩሽና ሳሙና ይዤ ወጣሁ። ባለቤቴ ሮማን ብሩሹን አገላብጣ አየችና ለጫማ ነው ለሰው ስትል ጠየቀችኝ። ለክብር ነው አልኳት።

እዚህ ላይ ጢሜን ላስተዋውቃችሁ። ሙሉ፣ ጥቁር፣ እዚህም እዚያም ሽበት ጣል ያለበት ጢም ነበር። በእድር ስብሰባ የፊት ወንበር የሚለቀቅልኝ በሱ ነው፤ ታክሲ ውስጥ “አባት፣ እዚህ ይቀመጡ” የምባለው በሱ ነው። ከሥሩ ያለው ፊት ግን፣ እንዲያው ልናዘዝና፣ ፈተና ወድቆ ቤት ለመግባት የፈራ ተማሪ ፊት ነው። ቁመቴም ብዙ አያግዘኝም።

ብሩክ የሚባል የእሪ በከንቱ ጎረቤታችን ለሽምግልና የመረጠኝም ለዚሁ ጢም ነው። አጎቱ አቶ ታደሰና ልብስ ሰፊው ሐጂ ሰይድ አሉ፤ ሦስተኛ ጠፋ። ጋሼ፣ አንተ ምንም ባትናገር እንኳ ጢምህ ያሳምናል አለኝ። የሚወዳት ልጅ ሰላም የምትባል ናት። አባቷ አቶ በላቸው የሚኖሩት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነው፤ ቀልድ የማያውቁ ሰው መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከዚህ በፊት ለታላቅ እህቷ የመጣ ሽማግሌ ማስቲካ ያኝካል ብለው በር ላይ መልሰዋል። ብሩክና ሰላም ደግሞ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለመጋባት ቸኩለዋል። ነገሩ ለቀልድ አይመችም ነበር ማለት ነው።

የሽምግልናው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ መስታወት ፊት ቆምኩ። ልላጭ እኮ አይደለም! የጉንጬንና የአንገቴን ጠርዝ ላስተካክል ብቻ ነው። ፎጣ ሞቀ፣ አረፋ ተነሳ፣ አንገቴ አለቀ። የግራ ጉንጬ ጠርዝም እንደ ብርጭቆ ጠራ። እንዲያውም ማፏጨት ጀምሬ ነበር። ወደ ቀኝ ስዞር ስልኬ ጮኸ። ብሩክ ነው። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል አጣብቄ፣ አይዞህ፣ እየተዘጋጀሁ ነው እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ። ሰውዬው ቪዲዮው ላይ ያልተናገረው ምክር ቢኖር ይህ ነው፦ ምላጭ ጉንጭዎ ላይ እያለ ከማንም ጋር አይስማሙ።

ቀና ስል በቀኝ በኩል ከጢሜ መሐል አንድ የሳንቲም ስፋት ያለው ሜዳ ተከፍቷል። አስተዋይ ሰው ቢሆን እዚያው ያቆም ነበር። እኔ ግን ግራውን ከቀኙ ላስተካክል አልኩ። ግራው በዛ። ቀኙን ከግራው አስተካከልኩ። እንዲህ እያልን ስንደራደር አገጬ ላይ ብቻ ቀረ፤ አየሁት፤ ፍየል መሰልኩ። እሱን አነሳሁና ከአፍንጫዬ ሥር ያለውን አተረፍኩ፤ የሌላ ሰው ተውሼ የለጠፍኩት መሰለ። እሱም ሄደ። በዚህ መሐል ውሃ ጠፋ፣ አረፋው ደረቀ፣ እኔም ተናድጄ መጫን ጀመርኩ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም መሳብ ጀመርኩ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን የማይነግሯችሁ ሰዎች ናቸው በሳሙናና በብሩሽ መላጨት ያዝናናል የሚሉት። ደሜ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ አለ። ሮማን ከጀሪካን ውሃ ይዛ መጣችና በሩ ላይ ቀረች። ከተጋባን ጀምሮ ያለ ጢም አይታኝ አታውቅም። ብዙ ካየችኝ በኋላ፣

“እኔ ያገባሁት ይኼንን ነው?” አለች።

ደሙን ለማቆም ሸብ አሸሁበት። ሸብ ደም ያቆማል፤ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ግን የሚነገረው ከተቀባ በኋላ ነው። ያልቆመው ላይ ቁርጥራጭ ሶፍት ለጠፍኩና ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ሐጂ ሰይድ በር ላይ ሲያዩኝ “ሱብሐነላህ” አሉ። አቶ ታደሰ ግን የተግባር ሰው ናቸው፤ መልሶ መለጠፍ አይቻልም ወይ ሲሉ ጠየቁኝ።

አቶ በላቸው ቤት ገብተን እንደ ወጉ ቆምን። ተቀመጡ ቢሉንም ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። የሰላም አክስት ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና ሹክሹክታ መስሏት፣

“ልጁ ደም ግባት አለው!” አለች።

ነበረኝ። ብቻ ደሙ እየገባ ሳይሆን እየወጣ ነበር። ሶፍቱ ወድቆ ከአገጬ ወደ ነጩ ጋቢ ይንጠባጠባል።

አቶ በላቸው ፊታቸው ተለወጠ። “ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር የሚመጣው ከመቼ ወዲህ ነው?” አሉ።

አቶ ታደሰ ሙሽራ እንዳልሆንኩ፣ ሽማግሌ እንደሆንኩ አስረዱ። ሰውዬው መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። አዩኝ። አወለቁና ጠርገው እንደገና አዩኝ።

“ይኼ ነው ሽማግሌ?”

ድምፄን ወፈር አድርጌ፣ ጌታዬ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ አልኩ። ድምፄ መሐል ላይ ከዳኝና ቀጠነ።

“የዛሬ ልጅ ቶሎ ይወልዳል” አሉና ወደ ሐጂ ሰይድ ዞሩ። “ሐጂ፣ እርስዎን አከብርዎታለሁ። ግን ሁለት ሽማግሌና አንድ ልጅ ነው የመጣብኝ። ሲሞላላችሁ ኑ።”

በሩ በትሕትና ተዘጋ። ወደ አራት ኪሎ መለስ አልን። ብሩክ መንገድ ላይ ይጠብቀን ነበር፤ እየሣቀ ወደ እኛ መጣና አጠገቤ ሲደርስ ሣቁ ቆመ። ምን ብዬ ነው የምነግረው? ሁለት ሰዎች ለዓመታት ያሰቡትን ሰርግ በአንድ ጉንጭ ወደ ዳግማይ ትንሣኤ አስተላለፍኩት። ከልቤ አዘንኩ። ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ ብዬ ለመንኳቸው፤ ሐጂ ሰይድ አይሆንም አሉ። ሰው የሚቀየርበትን ምክንያት ማስረዳት ከመጠበቅ ይከብዳል፤ ይበቅላል አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጢሜ የእኔ መሆኑ ቀረ። ብሩክ ጠዋት ጠዋት ደውሎ የሚጠይቀው “ጢሙ እንዴት አደረ?” ብሎ ነው። አቶ ታደሰ የጉሎ ዘይት ቅባ ይላሉ፤ ሐጂ የለም፣ ጥቁር አዝሙድ ነው ይላሉ። ሁለቱንም ቀባሁ፤ ያገኘሁት ብጉር ነው። ሰላም ስድስት ኪሎ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላምታ ከመስጠቷ በፊት አገጬን ታያለች። ያሳክካል፣ ይወጋል፣ ሮማን ታማርራለች። ግን በቀለ። እንዲያውም በኀዘኑ ይሁን በዘይቱ፣ ሽበቱ ጨምሮ በቀለ።

ተመልሰን ሄድን። አቶ በላቸው በሩን ሲከፍቱ ከሁሉ አስቀድመው ያዩት እኔን ነው። ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ።

“ይግቡ፣ ይግቡ! ይኼ ነው ክብር” አሉ። “ባለፈው ልጅዎን ልከውብን ነበር። ዛሬ ራስዎ መጡ።”

አቶ ታደሰ ሳል ያዛቸው። ሐጂ ሰይድ ጣራ ጣራውን አዩ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ግን ከመጋረጃው ጀርባ የሰላም እግር ይታየኛል፤ አንዱ እግሯ በሌላው ላይ ቆሟል።

“ልጅ ነው ጌታዬ፤ ይቅር ይበሉት” አልኩ።

“ምንም አይደል። መልኩ እርስዎን ነው፤ ዕውቀቱ ነው የሚቀረው” አሉ። ከዚያ ተቀመጥን፣ ጉዳያችንን ተናገርን፣ ልጅቷን ሰጡን። እልልታው ከጓዳ ሲነሳ ብሩክ ይህን ሲሰማ በዐይነ ሕሊናዬ ታየኝ፤ እውነቱን ባለመናገሬ የተሰማኝ ጸጸትም ወዲያው ለቀቀኝ።

ስንወጣ አቶ በላቸው እስከ ውጭ በር ሸኙኝ። እጄን ጨበጥ አድርገው፣ የሆነው ሆኗል፣ ያን ልጅ ያለ አግባብ አስደንግጬዋለሁና መካስ አለብኝ አሉ። ሰርጉ ላይ አጠገባቸው ሁለት ወንበር አስይዘዋል፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለልጄ።

ዳግማይ ትንሣኤ እየደረሰ ነው። ሮማን ልብስ ስትተኩስ፣ የማናችሁን ልተኩስ፣ የአባትየውን ወይስ የልጁን እያለች ትጠይቀኛለች።