አዲሱን ፍሬን እንዴት እንደ ተንከባከብኩት

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዳንዱን ልሳሳት እችላለሁ። ጎማው የወለቀው ዓርብ ይሁን ቅዳሜ፣ መኪናዋን የደገፍንባቸው ድንጋዮች አራት ይሁኑ ስድስት፣ ምዬ አልናገርም። ጥፋተኛው ማን እንደ ነበር ግን አልረሳሁም። እሱን እንድረሳ የሚፈቅድልኝ ሰው በቤቴ ውስጥ የለም።

ሰዎች ደፋር ሰው ይፈራሉ። እኔ ግን መፈራት ያለበት ጠንቃቃ ሰው ነው እላለሁ። ደፋር ሲመጣ ከሩቅ ታዩታላችሁ፤ መንገድ ትለቁለታላችሁ። ጠንቃቃ ሰው ግን ለእናንተው ብሎ፣ በቀስታ፣ ኮቴው ሳይሰማ ነው የሚመጣው። እሱን ማን ይጠነቀቀዋል? «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ይባላል። ስንጥሩን ገንፎው ውስጥ የጣለው ራሱ ጠርጣሪው ሊሆን እንደሚችል ግን ተረቱ አይነግረንም።

እኔ ቢቸና ተወልጄ ቢቸና ያረጀሁ፣ እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩ ሰው ነኝ። መኪና ኖሮኝ አያውቅም፤ መኪና ለመፍራት መኪና መግዛት አያስፈልግም። ልጄ ሙሉ ሞጣ ነው ያገባችው። ባሏ ደሳለኝ ከሞጣ ቢቸና እህል የሚያመላልስባት አሮጌ ፒክአፕ አለችው። ሙሉ የመጀመሪያ ልጇን እንደ ወጉ እናቷ ቤት መጥታ ወለደች። ወንድ ነው፤ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። ከዚያ ደሳለኝ፣ ሚስቴንና ልጄን ልውሰድ ብሎ መጣ።

የመኪናዋን አመጣጥ ከበር ቆሜ አየሁት። የደጃችንን ቁልቁለት ስትወርድ ትጮኻለች፣ ታቃስታለች፤ ከዚያም መቆም የነበረባትን ቦታ ጥቂት እርምጃ አልፋ፣ አስባበት ትቆማለች። እንደኔ ያለ ሽማግሌ እንዲህ ቢቆም አልነቅፈውም። እሷ ግን የልጅ ልጄን ይዛ የሞጣን መንገድ ልትሄድ ነው።

ፍሬኑ ካልተቀየረ ልጄም የልጅ ልጄም ከዚህ ግቢ አይወጡም አልኩ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ቁርጥ ቃል የተናገርኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያውን ሚስቴ አላጸደቀችውም።

ደሳለኝ ጨዋ ልጅ ነው፤ አልተከራከረኝም። ሞጣ ለሐጂ ከማል ደወለ። ሐጂ ከማል የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። አባታቸው ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ የሠርግ ልብሴን የገዛሁት ከእሳቸው ነው፤ ስፌቱ እስከ ዛሬ አልተተረተረም። ሐጂ ከነሙሉ ዕቃው አዲስ የዲስክ ፍሬን በሚኒባስ ላኩ። ደሳለኝ እንዳስረዳኝ፣ ከበሮ የሚመስለው አሮጌው የፊት ፍሬን ይወጣና በምትኩ እንደ ሰሐን ክብና ጠፍጣፋ ብረት ይገባል። ያን ብረት ሁለት ሸራዎች ከግራና ከቀኝ ቆንጥጠው ሲይዙት መኪና ይቆማል። ለምን ጋራዥ አትወስዳትም ብዬ ብጠይቀው፣ በስልኩ አይቶ እንደ ተማረው ነገረኝ። የእኛ አገር ተማሪ ቅኔ ለመቁጠር ስንት ዓመት ቁራሽ እየለመነ ይንከራተታል፤ ለካ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ቢያይ ይበቃው ኖሯል።

ሥራው ግን አማረለት። የእኔ ድርሻ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ ፔዳል መርገጥ ነበር፤ ከፍሬን ዘይቱ አየር የሚወጣው እንዲያ ነው አሉ። «አባባ፣ ይርገጡ። ይያዙ። አሁን ይልቀቁ» ይለኛል ከሥር ተኝቶ። አማች አማቱን በሦስት ቃል ሲያዝ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። ሚስቴ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ ትመለከት ነበር።

ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ የፊት ጎማዎቹ አየር እንዳነሳቸው ታየ። ደሳለኝ አዲሶቹን ብረቶች በቤንዚን አጥርቶ ወለወለና ጎማዎቹን በባጃጅ ጭኖ ጎሚስታ ዘንድ ሄደ። መኪናዋን እንድጠብቅለት አደራ አለኝ። ጠብቅ የተባለ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ነሐሴ ነው። በሞጣ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ሁለቱ ብረቶች ራቁታቸውን፣ እንደ ጸናጽል እያበሩ፣ ዝናቡን ይጠብቃሉ። አባቴ ማረሻውንና ጠመንጃውን ቅቤ ሳይቀባ ክረምት አያስገባም ነበር። ያልተቀባ ብረት በአንድ ዝናብ እንደሚዝግ የማያውቅ ባላገር አለ? ስልኩ ይህን አላስተማረውም ብዬ አዘንኩለት።

ፍልሰታ ስለ ሆነ በቤቱ ያለው ቅቤ የሙሉ ብቻ ነበር፤ እናቷ ለአራስ ብላ ያስቀመጠችው ለጋ ቅቤ። አንድ ጭብጥ አነሣሁ። የብረቶቹን ፊትና ጀርባ ቀባሁ። ሸራዎቹም ደርቀው ስላየኋቸው በጣቴ ጫፍ እየገፋሁ አዳረስኳቸው። ከዚያ የልጅ ልጄ ትዝ አለኝና ሁለተኛ ደገምኩ። ዝናቡ ሲመጣ ውኃው በብረቱ ላይ እየተንከባለለ ወረደ። ልቤ አረፈ። ለማንም አልተናገርኩም፤ በጎ ሥራ ሲያወሩት ይረክሳል።

ደሳለኝ ዝናብ እየመታው ተመለሰና ጎማዎቹን ቶሎ ቶሎ ገጠመ። ሲያባራ በቁልቁለቱ እንሞክራት አለ። ከሕፃኑ በፊት እኔ ልፈተን ብዬ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

ከደጃችን ተነሣን። ደሳለኝ ረገጠ። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፤ መኪናዋ ግን አልሰማችም። ደግሞ ረገጠ። አሁንም መንገዷን ቀጠለች። በዚህ መካከል አንድ ሽታ መጣ፤ ቅቤ ሲነጠር የሚሸተው። ደሳለኝ የእጅ ፍሬን እየሳበ መሪ ይጠመዝዝ ስለ ነበር አፍንጫው ጊዜ አልነበረውም። የእኔ አፍንጫ ግን ሥራ ፈት ነበር።

የጎረቤታችን የመሪጌታ የጭድ ክምር ተቀበለን። ሁለታችንም ደኅና ነበርን። መሪጌታ ወጥተው እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ከዚያ አየሩን ማሽተት ጀመሩ።

«በፍልሰታ የቅቤ ሽታ ከየት መጣ?» አሉ እኔን እያዩ።

ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል።

ደሳለኝ ግን ሌላ ነገር አልሸተተውም። እዚያው ጭዱ ላይ ቆሞ፣ ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ሐጂ ከማል ዘንድ ደወለ። ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ እንደ ላኩለት፣ ከነአማቱ ሊያልቅ እንደ ነበረ፣ ይህንንም መናኸሪያ ላለ ሾፌር ሁሉ እንደሚናገር ነገራቸው። ሐጂ መትረፋችንን ሰምተው አላህን አመሰገኑ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ ጥፋቱ የዕቃው ከሆነ ሱቃቸውን ዘግተው ነገ ቢቸና እንደሚመጡ ተናገሩ። ደሳለኝ መምጣትዎ አያስፈልግም አለ፤ አሮጌውን ፍሬን ዛሬውኑ መልሶ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ነገ ይሄዳል።

ቀና ብል ሙሉ ሕፃኑን አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ ዝም ካልኩ የሐጂ ቤት ስም ይጠፋል፤ ያ አሮጌ ፍሬንም በልጅ ልጄ ሥር ይመለሳል። ዝምታ ለካ ይነቅዛል።

«ደሳለኝ፣ ዕቃው ደኅና ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ ቅቤ የቀባሁት።»

«ምኑን ነው የቀቡት አባባ?»

«ብረቱን። ሸራውንም።»

ከስልኩ ውስጥ የሐጂ ድምፅ መጣ። «ለጋ ነው ወይስ የተነጠረ?» ብለው ጠየቁ፤ ደግ ነጋዴ ዕቃውን ሳይለይ አይፈርድም። ለጋ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ሳቃቸውን ነው፤ ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አብሮ ይስቅ ነበር መሰለኝ።

ሚስቴ አልሳቀችም። «እኔ ሙሉን ስወልድ እንኳ ይህን ያህል ቅቤ አልቀባኸኝም» አለችኝ።

ብረቶቹ በቤንዚን ታጠቡ። ሸራዎቹ ግን ቅቤውን ጠጥተውት ነበርና ተጣሉ። በማግሥቱ ሐጂ አዲስ ሸራ ላኩ፤ አብሮ የመጣው መልእክት ለእኔ ነበር፦ ይኸኛው ጾመኛ ነው የሚል። ሲገጠም ከመኪናዋ ራቅ ብዬ እንድቀመጥ በትሕትና ተለመንኩ። ከዚያ በቁልቁለቱ ሦስት ጊዜ ተሞከረች፤ ሦስቱንም ጊዜ ጅብ እንዳየች በቅሎ ቀጥ አለች። ማክሰኞ ጠዋት መርቄ ሸኘኋቸው።

ረቡዕ ልጄ ሙሉ ደወለች። ሞጣ ደኅና ገብተዋል። ሊገቡ ሲሉ ግን ከብቶች መንገድ አቋረጡ፤ ደሳለኝ ረገጠ፤ መኪናዋ እንደ ተተከለ ችንካር ቆመች። ከኋላቸው ይመጣ የነበረው አሮጌ የጭነት መኪና አልቆመም። ገጫቸውና የፒክአፗ ጀርባ ወደ ውስጥ ገባ፤ የተጎዳ ሰው የለም፤ ሕፃኑም ከእንቅልፉ አልነቃም። የጭነት መኪናው ሾፌር ወርዶ፣ ሰው እንዲህ በድንገት ይቆማል ወይ ብሎ ደሳለኝን ተቆጣው አሉ። ደሳለኝ ምን ብሎ እንደ መለሰለት ስትነግረኝ ኔትወርኩ ጠፋ፤ እስካሁን ስላልተመለሰ ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ወሬያቸውን አልሰማሁም። እኔ ያን ሁሉ ስጠነቀቅ የፈራሁት ከፊት ያለውን ብቻ ነበር።