የኢንጂነር አሞጽ ጎተራ

መብራት የገባበት የኢትዮጵያ ከተማ ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አለው። ስልካችሁን ታሳዩታላችሁ፤ እሱ ግን ስልኩን ትቶ እናንተን ያያችኋል፣ ለቀስተኛ በሚታይበት ዓይን። «ይሄን ማን ጫነልህ?» ይላል። ራሳችሁ እንደጫናችሁት ስትነግሩት ዝም ይላል። ዝምታው ከስድብ ይከፋል። ለመጠገን የሄዳችሁት ስልክ ተረስቶ የእናንተ ድንቁርና ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ይመረመራል።

የእኛው የደሴው ሰው ክቡር ኢንጂነር አሞጽ ደሳለው ይባላሉ። ኢንጂነርነቱን የሰጠናቸው እኛ የፒያሳ ሰዎች ነን፤ እሳቸው የነበራቸው የዘጠኝ ወር የኮምፒዩተር ሠርተፊኬት ነው። ከዚህ በኋላ ግን አንተ እለዋለሁ፤ አብሮ አደጌ ነውና አንቱታው ለእኔም ለእሱም አይመችም።

አሞጽ በ1999 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ባለ ስድስት ኮምፒዩተር የኢንተርኔት ቤት ከፈተ። በሩ ላይ «ከመግባትዎ በፊት ያስቡ» የሚል ጽሑፍ ለጠፈ። ደንበኛን በማስፈራራት የጀመረ ንግድ ከዚያ በፊት አላየሁም። እያንዳንዱን ኮምፒዩተር ሚስቱ ሊዲያ በሰፋችው መጋረጃ ከለለ። ካሜራዎቹን በሙሉ የቁስል ፕላስተር ለጠፈባቸው፤ ቤቱ ውስጥ ስትገቡ ስድስት ዓይናቸውን የታመሙ ሰዎች የተኙበት ክፍል ይመስላል።

መጋረጃው ወሬ አመጣ። ከሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች መጡ።

«ወንድም አሞጽ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ምንድነው ያለው?»

«የሰው ደብዳቤ።»

«ደብዳቤ ከሆነ ለምን ይሸፈናል?»

«ደብዳቤ ስለሆነ።»

ሽማግሌዎቹ ጸልየው ሄዱ። መጋረጃው አልተነሳም።

አሞጽ አስተያየት የማይሰጥበት ጉዳይ አልነበረም። ሻይ ልንጠጣ ስንቀመጥ የሁላችንንም ስልክ ሰብስቦ ባትሪያቸውን ያወጣና እንደ ድርድር ታዛቢ መሐል ላይ ይደረድራቸዋል። የምናወራው ግን ስለ ቲማቲም መወደድ ነበር። ጓደኛችን ፈሪድ የልጁን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ቢለጥፍ አንድ ሳምንት ሙሉ አላስቀመጠውም፤ «ገራዶ መንገድ ላይ ቆመህ ለሚያልፈው አይሱዙ ሁሉ የልጅህን ፎቶ ታድላለህ?» እያለ። ፈሪድ በመጨረሻ ፎቶውን አነሳው፤ ያነሳው ግን አምኖበት ሳይሆን ሰልችቶት ነው።

በፕሮግራም ቋንቋ ረገድ ሃይማኖቱ የታወቀ ነበር። እሁድ ጌታ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቪዥዋል ቤዚክ ስድስት። የእህቱ ልጅ አቢጌል ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለእረፍት ስትመጣ ጃቫ መማሯን ነገረችው። ፊቱ ጠቆረ።

«ጃቫ ኮምፒዩተሩን ሰላም ለማስባል ስንት መስመር ያስጽፋል?»

«አምስት ቢሆን ነው፣ አጎቴ።»

«አየሽ? የገጠር ሰላምታ ነው። ከብቱ ደህና፣ እህሉ ደህና፣ ጎረቤቱ ደህና ሳይባል አያልቅም።»

«ፒኤችፒስ?»

«መዝጊያ የሌለው ቤት።»

«አጎቴ፣ ቪዥዋል ቤዚክ ስድስትን እኮ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ትተውታል።»

«ተሳስተዋል» አለ፣ በቃ። ለሠሪዎቹ ከልቡ እንዳዘነላቸው ያስታውቅ ነበር።

አሁን ወደ ጎተራው ልምጣ። ደሴ ውስጥ ኢሜል ማለት የራስ ነገር አልነበረም፤ ሰው ያወጣልሃል፣ ሰው ይከፍትልሃል፣ ሰው ያነብልሃል። የይለፍ ቃሉን ማስታወስም የሰውየው ሥራ ነው። ልጆቻቸው ዓረብ አገር የሄዱባቸው እናቶች ቤቱን ሞልተውት ይውሉ ነበር፤ ከእነሱም ዋነኛዋ እናት ዙበይዳ ናቸው። ልጃቸው ሰዒዳ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። እናት ዙበይዳ የይለፍ ቃላቸውን በብጣሽ ወረቀት አስጽፈው፣ አጥፈው፣ አሞጽ መዳፍ ላይ ያስቀምጡና «እንካ ልጄ፣ አማና ነው» ይሉታል፤ አደራ ማለታቸው ነው። የሰዒዳ ፎቶ ሲከፈት ፀጉሯ ተገልጦ ሊሆን ይችላል ብሎ አሞጽ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ፎቶው ከተዘጋ በኋላ እንኳ «ልዙር ወይ?» ሳይል አይዞርም።

ታዲያ አደራው ሲበዛ አሞጽ በቪዥዋል ቤዚክ አንድ ፕሮግራም ሠራ፤ ስሙን ጎተራ አለው። የሁሉም ደንበኛ የይለፍ ቃል እዚያ ይገባል፤ ጎተራውን የሚከፍተው ቁልፍ ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አሞጽ ጭንቅላት ውስጥ ነው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። ለዓለም ሁሉ «የይለፍ ቃልህን ለሚስትህም አትንገር» የሚለው ሰው የግማሽ ከተማ የይለፍ ቃል አንድ ቦታ አከማቸ። ይህን ስነግረው «ማሽን አይረሳም፤ እኔም አልረሳም» አለኝ። ይህችን አባባል በቀን አሥር ጊዜ ይላት ነበር።

እኔም ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ አንዱ ነበርኩ። ያን ጊዜ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ በጎን ደግሞ ከደሴ በላይ ካለው ከጦሳ ተራራ ወስጄ «የጦሳው» ባልኩት የብዕር ስም አዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ ስለ ሹማምንት ቀልድ ቢጤ እልካለሁ። የምልከው ከአሞጽ ቤት ነው። ኢሜሉን ያወጣሁ ዕለት በስብከቱ ጆሮዬ ደንቁሮ ስለነበር ወረቀቱ ላይ በተንኮል «አሞጽ ዝም በል» ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩና ሰጠሁት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አነበበው። «ደካማ ነው፤ ቁጥር ጨምርበት» አለኝ። የቤት ቁጥሬን ጨመርኩ።

በግንቦት 2005 አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጡ። ከየት እንደመጡ አልተናገሩም፤ በዚያ ዘመን የማይናገር ሰው ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ሊዲያ እዚያው ነበረች። «ጎተራ የምትለውን ክፈት» አሉት። አሞጽ ቁልፍ ሰሌዳውን አየው፣ እጆቹን አየ፣ ከዚያ «ረሳሁት» አለ። ኮምፒዩተሩንም እሱንም ይዘው ሄዱ።

እኔ ምን አደረግሁ? አክስቴ ታማለች ብዬ ሐርቡ ወረድኩ። አክስቴ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነበረች። በዚያ ሙቀት በር ዘግቼ መኪና ባለፈ ቁጥር በመስኮት እያጮለቅሁ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጥኩ። ሊዲያን ልጠይቃት አልሄድኩም። ስልክ እንኳ አልደወልኩላትም፤ «ስልክ ጆሮ አለው» ያለኝ አሞጽ ራሱ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ፈሪ ሰው ምክር ሲያገኝ በሚመቸው ቦታ ያውለዋል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፈሪድ ደወለ። «አብሽር፣ ተፈቷል። የጎተራውን ቁልፍ ረስቶት ነው አሉ፤ ማሽኑን ግን አልመለሱለትም።»

ሳቅኩ። ዕንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ያ ሁሉ ፍርሃት በሌላ መንገድ ሊወጣ አልቻለም። አሞጽ! አይረሳም የተባለው አሞጽ ረሳ! ደሴ ስመለስ ከተማው ሁሉ ከእኔ ጋር ሲስቅ አገኘሁት። የታክሲ ረዳቶች ሲያልፍ «ኢንጂነር፣ ቤትህ በየት በኩል እንደሆነ አስታወስከው?» ይሉታል። ኢሜላቸው የጠፋባቸው ሰዎች ደጁ ላይ መጥተው ይረግሙታል። እሱ «ይቅርታ፣ ረሳሁት» ከማለት በቀር አንድ ቃል አይጨምርም። ይህ ሰው በሰው ሁሉ ላይ የሚኮራው በማስታወሱ ብቻ ነበር፤ ሌላ ሀብት አልነበረውም።

እኔ ደግሞ በሰኔ ወር በእውነተኛ ስሜ አንድ መጽሔት ላይ «የረሳው ኢንጂነር» የሚል ጽሑፍ አወጣሁ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው። ፒያሳ ላይ ጮክ ብሎ የሚያነብ አልጠፋም። አንድ ቀን እናት ዙበይዳ ባሉበት እኔው ራሴ አነበብኩት። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። «አንተ ልጅ፣ አላህ ይቅር ይበልህ» አሉኝና ወጡ። ከሰዒዳ ጋር የሚገናኙበት ኢሜል ጠፍቶባቸው አዝነው ነው አልኩ።

አሞጽን መንገድ ላይ አገኘሁት። «አንብቤዋለሁ» አለኝ። «ሁለት ቦታ የፊደል ግድፈት አለው።» መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አብሯቸው ይዘምር የነበሩትን መዘምራን ተወ። ሊዲያ ለአንዱ እንደነገረችው የጌታ እራት ሲዞር ሳይወስድ ያሳልፈው ጀመር፤ አፍሮ ነው አልን። በዓመቱ ቤቱን ዘግቶ ኮምቦልቻ ወረደ። ከፋብሪካ ለሚወጡ ሠራተኞች ስልክ ይጠግናል፣ ቻርጀር ይሸጣል፣ መዝሙርና መንዙማ በሜሞሪ ይጭናል ሲሉ ሰማሁ። ልጠይቀው አልሄድኩም።

የሄድኩት በ2010 ሰኔ ነው፤ እሱም ጉዳይ ስላለኝ። ነገሩ ተለወጠ ተባለ፣ አፍ ተከፈተ፣ ትናንት ሐርቡ የተደበቀ ሁሉ ዛሬ ታጋይ ሆነ። እኔም «የጦሳው እኔ ነኝ» ብዬ የድሮ ጽሑፎቼን በመጽሐፍ ላወጣ አሰብኩ። ጽሑፎቹ ያሉት ግን በዚያ ኢሜል ውስጥ ነው። ያንን ኢሜል ከ2005 ወዲህ በፍርሃት ከፍቼው አላውቅም፤ የይለፍ ቃሉንም ከነቁጥሩ፣ ከነትልቅና ትንሽ ፊደሉ ረስቼዋለሁ።

አሞጽ ዓይኑ ላይ ማጉያ አድርጎ አንድ የተበተነ ስልክ ላይ አጎንብሷል። ፀጉሩ ሸብቷል። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ የእኛው ሰላምታ ነውና ረዘም አለ። ጉዳዬን ነገርኩት።

«የጠፋ ኢሜል ማስመለሻ መንገድ አለ ወይ? አንተማ ያኔ ስለረሳኸው…»

ቀና አላለም። «አሞጽ ዝም በል» አለ። «ሦስቱም ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ መሐሉ ክፍተት የለውም። መጨረሻው ሰባ አራት።»

አጠገቤ በርጩማ ነበር፤ ተቀመጥኩበት። ከውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል። «ረሳሁ ብለህ አልነበረም እንዴ?» አልኩት።

«ዋሸሁ።»

ወሎ ውስጥ ወላሂ ሳይል፣ እመብርሃንን ሳይጠራ የሚውል ሰው ብርቅ ነው። አሞጽ ግን አይምልም፤ አዎን «አዎን»፣ አይደለምን «አይደለም» እያለ ነው ያደገው። እንዲያ ያለ ሰው «ዋሸሁ» ሲል ምን እንደሚከብደው አውቃለሁ። የጌታ እራቱን ለምን ያሳልፈው እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

«ሁሉንም ታስታውሰው ነበር?»

«ማሽን አይረሳም» አለና ሌላውን ግማሽ ተወው።

«እነ እናት ዙበይዳስ? ያ ሁሉ ሰው ሲረግምህ?»

«ለእሳቸው በሳምንቱ ቤታቸው ሄጄ ሰጥቻቸዋለሁ። አንድ በአንድ ለብዙዎቹ ሰጥቻለሁ። ዝም በሉ አልኳቸው፣ ዝም አሉ። አንዳንዶቹማ ሰው እንዳይጠረጥር ብለው ደጄ እየመጡ ጮክ ብለው ይረግሙኝ ነበር።»

«ለእኔስ?»

አሁን ማጉያውን አነሳና አየኝ። «አንተ ትጽፈዋለህ።»

ጽፌዋለሁ እኮ። እናት ዙበይዳ ያን ቀን ያዘኑት ለማን እንደነበረ አምስት ዓመት ቆይቶ ገባኝ።

«ሰዎቹ ምን ነበር የፈለጉት?» አልኩት። መልሱን እፈራው ነበር።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ምን ያደርግላቸዋል? የጠየቁኝ አንድ ሰው ነው። የጦሳው ማነው አሉኝ።» ካቻቢቴውን አነሳ። «በየቀኑ እሱኑ።»

አሥራ አንድ ቀን። እኔ ሐርቡ አክስቴ ቤት ሙቀቱን ሳማርር። ምን እንዳደረጉት ጠየቅሁት፤ እሱ ግን ስለ ስልኩ ስክሪን ነገረኝ። ደግሜ አልጠየቅሁም። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። «ሁለቱን ግድፈት አርመኸው ነበር?» አለኝ።

መጽሐፉን ትቼዋለሁ። ይህንን ግን እንድጽፍ ራሱ ፈቅዶልኛል፤ አሁን ማንም አይጎዳም ብሎ፣ ሦስት ቦታ አርሞ። በሕይወቴ ስለ እሱ የጻፍኩት ሁለተኛው ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያውን ያነበባችሁ ይህንንም አንብቡልኝ።

ያን ቀን በእሱ ኮምፒዩተር ኢሜሉን ከፈትኩት። ሁሉም ነገር እንደነበረ አለ።

«አሁን ቀይረው» አለኝ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ።

ቀየርኩት። ከዚያ ብጣሽ ወረቀት ፈልጌ ጻፍኩት፣ አጠፍኩት፣ «እንካ፣ አማና ነው» ብዬ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ዘርግቶ አነበበው። ወረቀቱን አጥፎ የደረት ኪሱ ከተተና ወደ ተበተነው ስልክ ተመለሰ።

«ይሄም ደካማ ነው» አለ። «ቁጥር ጨምርበት።»