አራት ጎማ፣ አራት አፍ

እያንዳንዱ ከተማ አንድ «አብሽር» ባይ ተመድቦለታል። ጣሪያህ ሲያፈስ አብሽር ይልሃል፤ በሬህ ሲጠፋ አብሽር ይልሃል፤ ከፊቱ ያለውን ድልድይ ጎርፍ ሲወስደው በዓይኑ እያየ እንኳ «አብሽር፣ አሏህ ያውቃል» ብሎ ነዳጅ ይረግጣል። አሏህ ያውቃል፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። የማያውቀው ነዳጅ የሚረግጠው ሰውዬ ነው።

ለከሚሴ የደረሷት ክቡር ኢንጂነር ፈረጅ ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ኮሌጅ የለም፤ ራሳቸው ለራሳቸው ሰጡ፣ ከተማው አፀደቀላቸው። የውሃ ፓምፕ ይፈታሉ፣ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ይፈታሉ፣ የጎረቤት ፍሪጅ ይፈታሉ። መልሰው ሲገጥሙ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ቡሎን ይተርፋል። ባለቤቱ ይደነግጣል። እሳቸው ግን የተረፈውን በመዳፋቸው እንደ ወርቅ እየመዘኑ፣ «አየህ? ፈረንጅ ትርፍ ነው የሚያስገባው» ይላሉ።

በእኚህ ሰው የተነሳ መካኒኳ ቶይባ ሦስት ቀን ሙሉ ጥርሷን ነክሳ ዋለች።

የጠቡ መነሻ መኪናቸው ነው። ክቡርነታቸው በአራቱም ጎማ የምትነዳ አንዲት አሮጌ ስቴሽን አለቻቸው፤ በገበያ ቀን ሰባት ነጋዴ ሴቶችን ከነጭነታቸው ሰንበቴ ከተማ ገበያ ያደርሱባታል። አንድ ቀን የነዳጅ ሰልፍ ላይ ተቀምጠው ሳለ ሐሳብ መጣላቸው። ወደሳቸው የሚመጣ ሐሳብ ደግሞ ብቻውን ነው የሚመጣው፣ ማስረጃ አያስከትልም።

«አራት ጎማ አራት አፍ ነው» አሉ ለሰልፈኛው። «ሁለቱን አፍ ዘግተን በኋላው ብቻ ብናስኬዳት የምትበላው ግማሹን ነው።»

ባለባጃጁ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ቶይባ እዚያ ብትኖር ኖሮ አፍ ያለው ሞተሩ እንጂ ጎማው እንዳልሆነ ትነግራቸው ነበር። አልነበረችም። ኢንጂነሩ ግቢያቸው ገቡና ከመኪናዋ ስር ተጋድመው ወደ ፊት ጎማዎች ኃይል የሚወስደውን ረጅም ዘንግ ፈትተው አወጡ። ከዚያ ሞተር አስነስተው ማርሽ አስገቡ። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። ደግመው ረገጡ፣ ደግሞ ጮኸ። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ዓይን ነው» ያለም አልጠፋ። ለመኪናዋ ዱዓ ተደረገላት። በመጨረሻ ሁለት ባጃጅ በገመድ ጎትቶ መናኸሪያው ጀርባ ካለው የቶይባ ጋራዥ አስገባት።

«ኢንተላ ኮ» አሉ በኦሮምኛ ሲገቡ፤ «ልጄ፣ ዱዓውን አስደርገናል። የቀረው ያንቺ ድርሻ ነው።»

ቶይባ ኮምቦልቻ አውቶ መካኒክ ተምራ የተመረቀች ናት፤ ጋራዥ ከከፈተችም ስድስት ዓመቷ። ከስር ገብታ አንድ ጊዜ አየችና ወጣች።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና ወገቧ ላይ ኃይል የሚያካፍል ዲፈረንሻል አላት። ጨፋ ሜዳ ላይ ውሃ ጠልፈው ሁለት ማሳ ሲያጠጡ፣ የአንዱ ቦይ ቢናድ ውሃው ወዴት ይሄዳል?»

«ወደተናደው ነዋ።»

«ሌላው ማሳስ?»

«ይደርቃል።»

«የኋላ ጎማዎ እሱ ነው። ዘንጉን ሲያወጡት የፊቱን ቦይ ናዱት፤ ኃይሉ ሁሉ በዚያ ፈሰሰ።» መሐሉን የሚቆልፈውን ነገር ቆለፈችው። መኪናዋ ግቢውን በኋላ ጎማዋ ብቻ ዞረች።

«አላልኩሽም?» አሉ ክቡርነታቸው።

ቶይባ ምራቋን ዋጠች። ይህ የመጀመሪያው ቀን ነው።

በሁለተኛው ቀን አዲስ ትእዛዝ ይዘው መጡ። የፊቱ ካልሠራ ዘንድ ከካምቢዮው በታች ተነስተው በግራና በቀኝ ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚሄዱት ሁለቱ አጫጭር ዘንጎች በከንቱ ይሽከረከራሉ፤ መጋጠሚያቸውም አርጅቶ ይንኳኳል፤ ስለዚህ ይውጡ። ቶይባ እስከዚህ ድረስ ተስማማች። «አወጣቸዋለሁ። የውጪ ጫፋቸውን ግን ቆርጬ መልሼ አስገባለሁ።»

«ጫፉ ደግሞ ምን ያደርጋል? ትርፍ ነው።»

«ትርፍ አይደለም። ጫፉ በጎማው መሐል አልፎ በዳዶ ይታሰራል። ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታ ጨምቆ የያዘው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ኩሽኔታው ይላቀቅና ጎማው ይሄዳል።»

«ወዴት ይሄዳል?»

«ከእርስዎ ቀድሞ ሰንበቴ ይገባል።»

«አብሽሪ።»

«ጋሼ፣ አብሽሪ ኩሽኔታ አይዝም።»

ሳቁ። ቶይባን ያበገናት እምቢታቸው ሳይሆን ሳቃቸው ነው። ከሰባቱ ሴቶች አንዷ የገዛ እህቷ አሻ ናት፤ በርበሬዋን ኋላ አስጭና ሁልጊዜ የምትቀመጠው ፊት፣ ከሹፌሩ አጠገብ። አስፋልቱ ላይ፣ በዚያ ፍጥነት፣ የፊት ጎማ ሲወልቅ መኪና ምን እንደምትሆን ቶይባ ታውቃለች፤ ሁለት ጊዜ ሄዳ አንስታለች። ብረቱን ነው ያነሳችው፤ ሰዎቹን ሌሎች አንስተዋቸው ነበር። «ያለሱ ከዚህ ግቢ አትወጣም» አለችና ቁልፉን ኪሷ ከተተችው።

ሌላ አገር ቢሆን ሰውዬው ተናዶ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል። ከሚሴ ውስጥ ግን ሰው ከሰው ሲቀያየም ደንብ አለው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክቡር ኢንጂነር ሦስት ሽማግሌ አስከትለው ከች አሉ።

አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። የጤና፣ የዝናብ፣ የከብት ነገር ተጠያየቁ። ከዚያ የጨፋን የውሃ ጠብ ሁሉ ሲፈቱ የኖሩት ሼህ አብዶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ታላቅሽን አስቀይመሻል አሉ።»

«አላስቀየምኩም። ጎማቸው እንዳይወልቅ ነው ያልኩት።»

«እሱን እኮ ነው የምንለው። ሁለታችሁም እልህ ገብታችኋል።»

ከውሃው በርሜል ጀርባ ሄደው ለብቻቸው ተመካከሩ፤ ተመልሰው ፍርዱን ሰጡ። «እሱም ትንሽ ይልቀቅ፣ አንቺም ትንሽ ልቀቂ። የግራው ጫፍ ይግባ፤ የቀኙ ይውጣ። በቃ፣ አፉ ተባባሉ።»

ቶይባን ኪሷ ውስጥ ያለው የመኪናዋ ቁልፍ ከበዳት። የድንበር ጠብ ቢሆን ፍርዱ እንከን አይወጣለትም። ግን ይህን ፍርድ ለኩሽኔታው ማን ይንገረው? ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው የአሻን ነፍስ ለሁለት አካፈሏት፤ በሽማግሌ ፊት ድምፅ ከፍ ማድረግ ደግሞ ነውር ነው፤ እናቷ እንዲህ አላሳደገቻትም። ንዴቷን አፏ ውስጥ አመነዠከችው።

«ቶሌ፣ እሺ፤ እናንተን አልጥስም» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ነገ ገበያ ነው። ከሦስታችሁ አንዳችሁ ፊት፣ በቀኝ በኩል ተቀምጣችሁ ከሴቶቹ ጋር ሰንበቴ ድረስ ሂዱ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ሽማግሌ ቀጠሮ ትዝ አላቸው። ሼህ አብዶ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «እኛ የፈረድነው ልናስታርቃችሁ እንጂ ልንሳፈር አይደለም» አሉ።

«ምን ያስፈራችኋል?» አሉ ኢንጂነር ፈረጅ። «እኔው አይደለሁ እንዴ የምነዳው? አንድ ነገር ቢሆንስ አብረን ነን።»

ይህን ጊዜ ነው የቶይባ ትዕግሥት የተበጠሰው። «አብሮ መሞት ምኑ ነው ለአሻ? ልጆቿን ሊያሳድጉላት ነው? ይምጡ ወዲህ ጋሼ። ይምጡ።»

መኪናዋን በክሪክ አነሳች። የቀኙን ጎማ አውልቃ፣ ዳዶውን ፈትታ ዘንጉን ከነጫፉ መዝዛ መሬት ላይ ጣለችው፤ ጎማውን ባዶውን መልሳ ገጠመች። «አንድ እጅዎን ከላይ፣ አንዱን ከታች። ያወዛውዙት።»

ያዙት። ጎማው እንደ ላላ ጥርስ ዋለለ፤ ከውስጡ ብረት ብረትን ሲፍቅ ተሰማ። ደግመው አወዛወዙ። ሽማግሌዎቹም ተነስተው መጡ።

«ገና ሳትሄድ ነው እንዴ እንዲህ?» አሉ ኢንጂነር ፈረጅ በቀስታ።

«ገና ሳትሄድ።»

ክቡርነታቸው እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ሴቶቹ ጭነታቸውን ወደሚያሰናዱበት በእግራቸው ሄደው አንድ ባንድ ነገሯቸው፤ ነገ በሚኒባስ ሂዱ፣ መኪናዋ አልደረሰችም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ከተማው ይህን ቃል ከሳቸው አፍ ሰምቶ አያውቅም። አሻ ለእህቷ ስትነግራት «ታመዋል እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት።

ቶይባ አልሳቀችም። ንዴቷ ገና አልወጣላትም ነበር፤ ይልቁንም ለምን እንዲህ እንደተንገበገበች ራሷን ጠየቀች። ደንበኛ ሞልቷል፤ አንድ እልኸኛ ሽማግሌ ቢቀር ምን ይጎድልባታል?

ጋራዡን የከፈተች ሰሞን አርባ ቀን ሙሉ አንድ መኪና አልገባላትም። ወንዶች በር ላይ ቆመው ሴት መፍቻ ይዛ ሲያዩ «ባለቤቱ የለም?» ብለው ይመለሱ ነበር። በአርባ አንደኛው ቀን ይቺው ስቴሽን ገባች። ሰውዬው የት ተማርሽ አላሉ፣ ወረቀትሽን አሳዪኝ አላሉ፤ ቁልፉን እጇ ላይ ጥለው፣ ሞተሩን እንድትከፍተው ነግረው፣ ሶላት እንዳያልፋቸው ወደ መስጊድ ተጣደፉ። ስትከፍተው እንኳ ቆመው አላዩም። አሁን ስታስበው፣ አስተዋይ ሰው እንዲያ አያደርግም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ዘንጎች ቆረጠች፣ ጫፎቹን መልሳ አስገባች። ኢንጂነር ፈረጅ መሪው ጋ ተቀምጠው ፍሬን ረገጡላት፤ እሷ መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክታ ዳዶውን አጠበቀች። የግራውን ጨርሳ ወደ ቀኙ ዞረች።

«ኢንተላ ኮ፣ ይበቃል» አሉ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው።

«አይበቃም» አለችና በሙሉ ክብደቷ ቱቦው ላይ ወጣችበት።