በሰው እርምጃ ስትሄድ የዞረች መኪና

ሰው ሁሉ ፍጥነትን ይረግማል። መኪና በተገለበጠ ቁጥር «ከንፎ ነዋ!» ይባላል፤ ሾፌሩ ቢሞት እንኳ አፈር ሳይለብስ «ምን አስቸኮለው?» ተብሎ ይወቀሳል። እኔም መክነፍ አልወድም። ሃያ ዓመት መሪ ስጨብጥ ዶሮ እንኳ ገጭቼ አላውቅም፤ ይህን የምላችሁ ትሕትና ጎድሎኝ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። እሺ፣ ትሕትናም ትንሽ ይጎድለኛል። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ቀስ ብሎ የሚነዳን ሾፌር ማን ይጠረጥራል? ትራፊክ አያስቆመውም፤ ተሳፋሪ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ ይመርቀዋል። እኔ ግን አንድ አዛውንት በምርኩዝ ከሚሄዱበት ባልበለጠ ፍጥነት የምትጓዝ መኪና እንደ እንዝርት ስትሾር አይቻለሁ። አይቻለሁ ስል ከሩቅ እንዳይመስላችሁ። መሪውን ይዤ ነው።

የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። የደብረ ሲና ሾፌር መንዳት የሚማረው ጣርማ በር ላይ ነው፤ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ገደል፣ መሀሉ ጉም። ያስተማረኝ ሰው ትምህርቱ አንዲት ብቻ ነበረች፦ «ስትፈራ ማርሽ ቀንስ!» ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝልሃል፤ ፍሬን ቢከዳህም አንደኛ ማርሽ አይከዳህም። ይህችን ትምህርት ይዤ ከሶማሊያው ጦርነት ጥቂት ዓመታት በኋላ የጤና መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኜ ጅጅጋ ተመደብኩ። ከካራማራ ቁልቁል ያንን ሜዳ ሳይ ሳቄ መጣ። ገደል የለ፣ ጠመዝማዛ የለ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ አልኩ። አፌን በቆረጠው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀብሪበያ ያለው ጤና ጣቢያ መስኮቶቹ በጦርነቱ ረግፈው በካርቶንና በሸራ ተደፍነው ነበር። የዚያን አገር ንፋስ የማያውቅ ሰው ካርቶን ይበቃል ሊል ይችላል፤ አቧራው ግን በቁልፍ ቀዳዳም ይገባል። ኃላፊዋ ሲስተር አልማዝ ቁርጥ ያለች ሴት ናት፤ «መስታወት ካልመጣ የማዋለጃ ክፍሉን አልከፍትም፤ ለአራስ አቧራ አላበላም!» አለች። እውነቷን ነው። ግን ክፍሉ እስከተዘጋ ድረስ ምጥ የያዛት ሴት በጭነት መኪና ጅጅጋ ድረስ ትንገላታለች። ስንት ደብዳቤ ከተጻፈ በኋላ ሠላሳ ሁለት መስታወት ድሬዳዋ ተገዛ። ትርፍ የለውም፤ ከተሰበረ ሌላ እስኪፈቀድ ዓመት ይጠበቃል። እንግዲህ ይህንን ዕቃ ማን ያምጣው? ሌላ ማን አለና! እኔው ነኛ።

በገለባና በአሮጌ ፍራሽ ጠቅልዬ፣ በጣውላ አስሬ፣ ፒካፗ ላይ አቆምኳቸው። የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጣሁ፤ ካራማራን ወረድኩ፤ አንዱ እንኳ ጠርዙ አልተላጠም። ዕቃውን ሊረከብ አብሮኝ የነበረው የጤና ጣቢያው ድሬሰር አብዲ፣ የጅጅጋ ልጅ ነው፣ በየኬላው እየወረደ ቆጥሮ «ጋሽ ዘውዴ፣ አንተ ሾፌር አይደለህም፤ ሐኪም ነህ!» ይለኝ ጀመር። ሰው ሲያመሰግነኝ ዝም እላለሁ፤ እንዳላቋርጠው።

ጅጅጋ ስንደርስ ከመጋዘን አዲስ ጎማ ተሰጠኝ፤ ሁለት ብቻ። ጎሚስታው «የት ልግጠማቸው?» ሲለኝ ተናደድኩ። ከፊት ነዋ! አለቃ ከኋላ ይቀመጣል እንዴ? ሊሾ የሆኑትን፣ ጥርሳቸው የረገፈውን፣ ከኋላ አስደረግኩና ጉዞ ወደ ቀብሪበያ።

ወራት ሙሉ ጠብ ያላለ ሰማይ በዚያን ቀን ረፋድ ላይ ማካፋት ጀመረ። ዝናብ ለማለት ያሳፍራል፤ የፊት መስታወቱን እንኳ በቅጡ አያረጥብም። አብዲ «ጉ ገባ!» ብሎ ደስ አለው፤ ጉ ማለት ሶማሌው ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው የበልግ ዝናብ ነው። ትንሽ እንደሄድን ዐሥር የሚሆኑ ግመሎች ከመንገዱ ዳር ተንበርክከው አገኘን። ሸክማቸውም አልወረደም፤ ሰዎቹም አጠገባቸው ቁጭ ብለዋል። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ አንድ ሽማግሌ መንገዱ ዳር ቆመው እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

በዚያ መንገድ እጁን ያነሳ ሁሉ ሊፍት ፈላጊ ነው፤ የታወቀ ነው። ጨዋ ሾፌርም የሚመልሰው የታወቀ ነው፦ አቧራ ወይም ጭቃ እንዳይረጭ ፍጥነት ይቀንሳል፤ መዳፉን እያገላበጠ «ሞልቷል፣ ይቅርታ» ይላል። እኔም እንደ ጨዋነቴ መዳፌን አገላበጥኩ።

«ጋሽ ዘውዴ፣ አዴር እያስቆሙን እኮ ነው» አለ አብዲ። አዴር የአባት ወንድም ማለት ነው፤ ሽማግሌ ሁሉ አዴር ነው።

«አየኋቸው። ዐሥር ግመል የት ልጫንላቸው?» ብዬ በቀልዴ ራሴው ሳቅሁ።

መቶ እርምጃ ያህል እንዳለፍን መንገዱ ወደ ደረቅ ወንዝ ትንሽ ያዘቀዝቃል። ፈራሁ አልልም፤ ተጠነቀቅሁ። መስታወት ጭኛለሁ፣ መሬቱ ረጥቧል፣ ስለዚህ የጣርማ በሩ ትምህርት ትዝ አለኝና ማርሽ ቀነስኩ። አንደኛ። ሞተሩ አጓራ። ከዚያ ያለምንም ድምፅ፣ ያለምንም ችኮላ፣ ኋላዬ ቀደመኝ! መሪውን ወዲያ ብል ወዲህ ብል የሚሰማኝ የለም። መኪናዋ ዞራ ዞራ ፊቷን ወደ መጣንበት አድርጋ ቆመች። ቀና ስል ፊት ለፊቴ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ሽማግሌውን! አሁንም እጃቸውን እንዳነሱ ናቸው።

አሁን ምክንያቱን ላስረዳችሁ፤ እኔ በውርደት የገዛሁትን እናንተ በነጻ ውሰዱት። ወራት ሙሉ እንደ ዱቄት የደቀቀ አቧራ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ኃይለኛ ዝናብ ቢሆን ጠርጎ ይወስደው ነበር፤ ካፊያ ግን አቡክቶ የተልባ ውሃ ያደርገዋል። እኔ በድንገት አንደኛ ማርሽ ሳስገባ የኋላ ጎማዎቹን ሞተሩ አንቆ ያዛቸው፤ ጥርስ የላቸው በምን መሬቱን ይንከሱ? ተንሸራተቱ። የፊቶቹ አዲሶቹ ደግሞ መሬቱን ቆንጥጠው ይዘዋል። ፊቷ ተይዞ ኋላዋ የተለቀቀ መኪና ከመዞር ሌላ ምን ታደርጋለች? ፍጥነት እዚህ ውስጥ የለበትም። እንዲያውም ያዞረኝ ጥንቃቄዬ ነው።

ወርጄ ዞሬ አየሁ። የኋላ ቀኝ ጎማ ከመንገዱ ዳር ቦይ ላይ ተንጠልጥሏል፤ መስታወቶቹ ወደ ቦዩ አዘንብለዋል። ገመድ አስረው ቢጎትቱን ሁሉም ይረግፋል። የሲስተር አልማዝ ፊት መጣብኝ።

ሽማግሌው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በባዶ እግራቸው መጡ፤ ሰዎቻቸውም ተከተሏቸው። አብዲ እያስተረጎመ አወራን።

«ሱግ! ሱግ! እያልኩህ ነበር» አሉኝ። ሱግ ማለት ጠብቅ ነው። «ግመል በመጀመሪያው ካፊያ አትሄድም። እግሯ ሰፊና ልስልስ ነው፤ ካንሸራተታት እግሯ ይከፈትና አትነሳም። መሬቱ ጠጥቶ እስኪጠግብ እንጠብቃለን።» ጎንበስ ብለው የኋላውን ጎማ በመዳፋቸው ዳበሱና ቀና አሉ። «ይኸው፣ ያንተም ግመል ናት።»

እኔ የሃያ ዓመት ሾፌር፣ አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሽማግሌው ግን ለማፈሪያ ጊዜ አልሰጡኝም፤ መጀመሪያ መስታወቱ ይውረድ አሉ። እኔ አያያዙን ላሳይ ብዬ በተወለወለ ጫማዬ ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ በመቀመጫዬ ጭቃው ላይ ተዘረጋሁ። «አንተ ቁጭ በል» አሉኝ፤ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። እነሱ የእግራቸውን ጣቶች ጭቃው ውስጥ እየቆነጠጡ፣ አንዱን መስታወት ለሁለት እየያዙ፣ ሠላሳ ሁለቱንም አውርደው የግመል መጫኛ ሰሌናቸው ላይ ደረደሩት። ጎረምሶቹ የመኪናዋን ኋላ ተሸክመው መንገድ ላይ መለሷት። ከዚያ ጠበቅን። ካፊያው ቆመ፣ ፀሐይ ወጣች፣ የግመል ወተት ጠጣን። መሬቱ ሲጠነክር ክሪክ አውጥቼ አዲሶቹን ጎማዎች ወደ ኋላ አዛወርኩ። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው እስክጨርስ አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመሥሪያ ቤቴ የተሸለምኩት የምስጋና ወረቀት አለኝ፤ የዚያን ራስ ንቅናቄ ያህል ግን አላኮራኝም።

ቀብሪበያ ስንደርስ ሲስተር አልማዝ አንድ በአንድ ቆጠረች። ሠላሳ ሁለት! «አንተ ጀግና! እንዴት አድርገህ ነዳኸው?» አለችኝ።

«ቀስ ብዬ» አልኩ።

አብዲ ሳለ። ደግሞ ሳለ። ሦስተኛ ሊስል ሲል አላስቻለኝም፤ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጭቃው ላይ መዘርጋቴን ጭምር። ክፍሉ በዚያው ሳምንት ተከፈተ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፀሐይ የሚያበራባቸውን መስኮቶች እቆጥራለሁ፤ ኩራቱ የባለግመሎቹ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ግን እኔም አብሬ እኮራለሁ፤ ማን ይከለክለኛል?

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ካፊያ ሲወርድ ግመሎቹ የቆሙበት አጠገብ መኪናዬን አቆማለሁ። ከኋላዬ የሚመጡት ወጣት ሾፌሮች ሲያዩኝ መንገዱ መሀል ገብቼ እጄን አነሳለሁ፤ «ሱግ!» እላለሁ። እነሱም መዳፋቸውን እያገላበጡ «ሞልቷል፣ ይቅርታ ጋሽ ዘውዴ!» ይሉኛል። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ጭቃ እንዳይረጩኝ ማርሽ ቀንሰው ነው የሚያልፉኝ።