በማን ዘር?

በሽታ ቤት ሲገባ እኛ ቀድመን የምንፈልገው መድኃኒቱን ሳይሆን ጥፋተኛውን ነው። ራሱን ያመመው ፀሐይዋን ይከሳል፤ ሆዱን የቆረጠው የትናንቱን ሽሮ። አእምሮ ሲታመም ግን ክሱ አጥር ይሻገራል። እርስዎ ከዚህ ንጹሕ ከሆኑ ደስ ይበልዎ። እኔ አይደለሁም።

እህቴ ውዴ ቢቸና ከተማ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እያስተማረች ጠመኔዋን አስቀመጠችና ለእሷ ብቻ ከሚሰማ ተሳዳቢ ጋር ክርክር ገጠመች። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። ኋላ ፈሩ። እናታችን ጎረቤታችንን እትዬ ጥሩን ጠረጠረች፤ መተት አስደርጋብናለች ብላ። እኔም የተማርኩት ሰውዬ አፌን ዘግቼ ተስማማሁ። ሁለት ዓመት ከጠበል ጠበል ዞርን፤ ሁለት ዓመት እትዬ ጥሩን ሰላምታ ነፈግናት።

ሲመረን ውዴን ሞጣ ሐኪም ቤት ወሰድናት። የአእምሮ ሐኪሙ ትሑት ወጣት ነው።

«እማማ፣ ማንም ምንም አላደረገባትም» አላት እናቴን። «ስኪዞፍሬኒያ ይባላል፤ የአንጎል ሕመም ነው። አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያመላልሱ ቅመሞች አሉ። የእነሱ ሥራ ሲዛባ ሰው የሌለ ድምፅ ይሰማል።»

«ከምን ይመጣል ልጄ?»

«ብዙ ምክንያት አለው። በዘርም ሊመጣ ይችላል።»

«በማን ዘር?»

የማንም ጥፋት እንዳልሆነ ደጋግሞ ነገራት። የሰማችው አይመስለኝም።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ እናቴ በወባ ሞተ ስትለን የኖረችው ወንድሟ ብቻውን እያወራ ጫካ ገብቶ እንደቀረ ነገረችኝ። ቢቸና እንደደረስን እትዬ ጥሩ እግር ላይ ወደቀች። ታረቁ። ሳይንስ ጎረቤት አስታረቀ ብዬ ኮራሁ፤ ሞኝነቴን ይዩልኝ።

መድኃኒቱ ድምፆቹን ቀነሳቸው። ውዴ ግን ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፤ ወደ ማስተማሩ አልተመለሰችም። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ ታያታለች።

«መተት ቢሆን አንድ ቀን ይፈታ ነበር» አለችኝ አንድ ቀን። «ደሜን ግን ከልጄ ላይ እንዴት አድርጌ ላውጣው?»

ዘር ብቻውን እንደማይወስን፣ ሌላም ብዙ ነገር እንዳለበት አስረዳኋት። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ፤ ለሕፃን ልጅ ወሬ እንደሚነቀነቀው።

ባለፈው ወር ሚስቴ ማርገዟን ልንነግራት አብረን ሄድን። እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ የሚስቴን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አለቻት።